ሶፍትዌሩ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ቢም ለምን 20 ሚሊ ሜትር ይወርዳል?

ባሕር ዳር ላይ ሐይቁን የሚያይ ሰፊ አዳራሽ፣ ኮለን ያልበዛበት ሱቅ፣ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ የማይፈልግ ባለንብረት የለም። ስፓኑ (በድጋፎች መካከል ያለው ርቀት) ይረዝማል፣ ሶሌታው ይሳሳል፣ ኮለኑ ይቀንሳል። ሕንፃው ተመርቆ ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ የብሎኬት ግድግዳ ሰያፍ ሲሰነጠቅ፣ በር አልዘጋ ሲል፣ የወለል ሴራሚክ ሲነሳ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ግንበኛው ወይም ሲሚንቶው ላይ ነው። የዲዛይን ሪፖርቱ ሲገለጥ ዲፍሌክሽኑ (ጭነት ይዞ ወደ ታች የሚጎብጥበት ልክ) ከተፈቀደው በታች መሆኑ በቀለም ሥዕል ታትሞ ይገኛል። ሥዕሉ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው ግን የማይሰነጠቅና የማያረጅ ኮንክሪት ምን ያህል ይጎብጣል የሚል ነው።

አንድ ቢም እንያዝ። በሁለት ጫፉ ብቻ ያረፈ፣ 6 ሜትር የሚሻገር፣ 25 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ 4 ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ የገባበት። ኮንክሪቱ ሲ25/30፣ ማለትም በሲሊንደር 25፣ በኪዩብ 30 ሜጋ ፓስካል። የራሱን ክብደት፣ ሶሌታውን፣ ግድግዳውንና ከተጠቃሚው ጭነት ዘወትር የማይለየውን ድርሻ ደምረን በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን ይሸከም። ይህን ኢታብስ ወይም ሳፕ የተባሉት የሕንፃ ስሌት ፕሮግራሞች ላይ አስገብቶ ምንም ሳይነኩ ማስኬድ መሃሉ ላይ 4.2 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። በእጅም ያው ነው፦ 5 ጊዜ ጭነቱ ጊዜ ስፓኑ አራቴ በራሱ ተባዝቶ፣ ለ384 ጊዜ ኢ ጊዜ አይ ይካፈላል። ኢ የኮንክሪቱ ግትርነት ሲሆን 31 ጊጋ ፓስካል፣ አይ ደግሞ ከክፍሉ ቅርጽ የሚመጣው ግትርነት ሆኖ ስፋቱ ጊዜ የቁመቱ ኪዩብ ለ12 ሲካፈል ነው። በሥራ ላይ ያለው የኮንክሪት ዲዛይን ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1992፣ የሚፈቅደው የስፓኑን አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ፣ እዚህ 24 ሚሊ ሜትር ነው። 4.2 ከ24 ጋር ሲተያይ ማን ይጠራጠራል?

እዚያው ሞዴል ላይ አንድ ሌላ ቁጥር ቢታይ ግን ጥርጣሬው ይመጣል። የቢሙ የመሃል ሞመንት፣ ማለትም የሚያጎብጠው ጫና፣ 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። በዚህ ሞመንት ያልተሰነጠቀው ቢም ታችኛው ገጽ ላይ 8.6 ሜጋ ፓስካል የመጎተት ስትረስ (በገጽ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል)፣ በስትሬን (መለጠጡ ለርዝመቱ ሲካፈል) ደግሞ ወደ 280 ማይክሮስትሬን፣ ማለትም ከሚሊዮን 280 እጅ፣ ይነበባል። ሲ25/30 በመጎተት የሚችለው በአማካይ 2.6 ሜጋ ፓስካል ነው፤ በስትሬን ሲለወጥ 84 ማይክሮስትሬን ገደማ። ሶፍትዌሩ የተማመነበት የመጎተት አቅም ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቢሙ ከ27 ኪሎ ኒውተን ሜትር ጀምሮ ተሰንጥቋል።

ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚያሰላው ምንድን ነው?

እንዲህ ያለው የፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም በቀጥታ የሚፈታው የኖዶችን፣ ማለትም ኤለመንቶቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች፣ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሕንፃው ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ የእያንዳንዱ ኤለመንት ግትርነት ይሰላል፣ ተደምሮ አንድ ትልቅ የግትርነት ማትሪክስ ይሆናል፣ ከዚያ ግትርነት ጊዜ እንቅስቃሴ እኩል ይሆናል ጭነት የሚለው እኩልታ ይፈታል። ስትሬን የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ከእንቅስቃሴው ተቀድቶ ነው። ስትረስ ደግሞ ከስትሬኑ ይቀዳል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ላይ ያለ ትንሽ ስሕተት ስትሬን ላይ ሲደርስ ያብጣል።

ምን ያህል? 500 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ኖዶች አንዱ 1.00፣ ሌላው 1.05 ሚሊ ሜትር ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ በመካከላቸው ያለው ስትሬን 0.05 ለ500፣ ማለትም 100 ማይክሮስትሬን ነው። አንደኛው ኖድ ላይ የ0.01 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የ1 በመቶ ስሕተት ብትገባ ስትሬኑ በ20 በመቶ ይሳሳታል። የዲፍሌክሽን ሥዕል በሻካራ ሜሽ (በትልልቅ ኤለመንቶች ክፍፍል) እንኳ ደህና ሆኖ ሳለ የስትሬን ሥዕሉ የማይታመንበት ምክንያት ይኸው ነው። ቀላሎቹ ኤለመንቶች ላይ የሜሹ መጠን በግማሽ ሲያንስ የእንቅስቃሴው ስሕተት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የስትሬኑ ግን ወደ ግማሽ ብቻ።

መንቀሳቀስና መለጠጥ አንድ አይደሉም፤ እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይምታታበታል። ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌ የምትደርስ የደንገል ታንኳ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዛለች፤ ስትሬኗ ግን ዜሮ ነው፣ ምክንያቱም ደንገሉ ሁሉ አብሮ ሄዷል። እንጨት መሃሏ ላይ ተጭኖ ሁለት ጫፏ ቀና ሲል ነው የታችኛው ደንገል የሚለጠጠው። ሕንፃም እንዲሁ ነው፤ ከመሠረቱ ጋር እኩል የወረደ ፎቅ ግድግዳ አይሰነጥቅም፣ አንዱ ኮለን ከጎረቤቱ በላይ ሲወርድ ነው ችግሩ።

ታንኳዋ ሌላም ታስተምራለች። ማዕበል መትቷት 10 ዲግሪ ብታጋድል አሁንም አልተለጠጠችም። ትንንሽ እንቅስቃሴን ብቻ የሚያውቀው መስመራዊ ቀመር ግን ይህችን መዞር እንደ ስትሬን ይቆጥራታል፤ ከኮሳይን 10 ላይ 1 ሲቀነስ 15,000 ማይክሮስትሬን በሐሰት ይወጣል። ፌሮ የሚሸነፈው በ2,500 ማይክሮስትሬን ገደማ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሰላማዊቷን ታንኳ ስድስት ጊዜ ሰብሯታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለኬብል፣ ለድንኳን፣ ለቀጭን ብረት የትልቅ መዞር ስሌት የሚበራው። ለተራ የኮንክሪት ፎቅ አያስፈልግም፦ የአንድ ሦስት መቶኛ ራዲያን ዝንባሌ የሚያመጣው የሐሰት ስትሬን 6 ማይክሮስትሬን አይሞላም። ሁሉን ነገር ኖንሊኒየር (መስመራዊ ያልሆነ) አድርጎ ኮምፒዩተሩን ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ ዕውቀት አይደለም።

ሜሹ ሲያታልል

ኤለመንቱ ስትሬኑን በትክክል የሚያሰላው ጋውስ ነጥብ በሚባሉ ውስጣዊ ቦታዎች ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያማረ ቀለም ከእነዚያ ነጥቦች ወደ ኖዱ ተዘርግቶ፣ ከጎረቤት ኤለመንቶች ጋር ተደምሮ ለቁጥራቸው የተካፈለ ነው። ማማከሉ ጉድ ይሸፍናል። ማማከያውን ዘግቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁለት ጎረቤት ኤለመንቶች በጋራ ኖዳቸው ላይ አንዱ 100፣ ሌላው 160 ካሉ ሜሹ ሻካራ ነው፣ 130 ብሎ የታተመው ቁጥርም ለማንም አይጠቅም።

ሌላው ወጥመድ ጎባጣ ነገር በማይጎብጥ ኤለመንት መሥራት ነው። አራት ኖድ ያለው ተራ አራት ማዕዘን ኤለመንት፣ ሙሉ ኢንተግሬሽን (በሁሉም ጋውስ ነጥቦቹ መደመር) እየተጠቀመ፣ ጎኖቹን ማጉበጥ አይችልም። ሞመንት ሲመጣበት በሌለ ሺር (የመንሸራተት ስትረስ) ይሟገታል። ኤለመንቱ ርዝመቱ የቁመቱን 4 እጥፍ ሆኖ በአንድ ረድፍ ብቻ ቢም ቢሠራበት፣ በፖይሰን ሬሾ (ሲለጠጥ ወደ ጎን የሚሳሳበት ድርሻ) 0.2፣ ከእውነቱ ከ7 እጥፍ በላይ ግትር ይሆናል፤ እኩል ጎን ቢሆን እንኳ ግትርነቱ 46 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዲፍሌክሽኑ በዚያው ልክ ያንሳል፤ ዲዛይነሩም ደስ ብሎት ያልፋል። መድኃኒቱ በጎን መሃል ኖድ ያለው ኤለመንት መጠቀም፣ ወይም በቁመቱ ቢያንስ አራት ረድፍ ማድረግ፣ ከሁሉ በፊት ግን ቢምን በቢም ኤለመንት፣ ሶሌታን በሼል (በስስ ገጽ ኤለመንት) መሥራት ነው። ለተራ ፎቅ ሶሊድ ኤለመንት መደርደር አብዛኛውን ጊዜ ልታይ ልታይ ማለት ነው። ኢንተግሬሽኑን መቀነስም ይህን የሐሰት ግትርነት ያነሣል፤ ዋጋው ግን ኤለመንቱ ያለ ምንም ጉልበት እንደ አሸዋ ሰዓት ቅርጽ መወዛወዙ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ ደግሞ ሜሽ በጠራ ቁጥር የሚብስ ቦታ አለ። ኮለን ከሶሌታው ሥር እንደ ነጥብ ሲሣል፣ የደረጃ ክፍተት ሹል ማዕዘን ሲኖረው፣ እዚያች ነጥብ ላይ ያለው ስትሬን ወሰን የለውም። 50 ሳንቲ ሜትር ሜሽ ላይ አንድ ቁጥር፣ 25 ላይ የበለጠ፣ 10 ላይ ከዚያም የበለጠ ይወጣል። ይህ የሒሳቡ ጠባይ ነው፣ የሕንፃው አይደለም። ቁጥሩ የሚወሰደው ከነጥቧ ሳይሆን ከኮለኑ ገጽ ላይ ነው። የሶሌታው የመሃል ዲፍሌክሽን ግን በዚህ አይናወጥም፣ ሜሹን ስናጠራ ይረጋል።

ሜሹ እንደበቃ ማወቂያው ቀላል ነው፦ በግማሽ አጥርቶ ድጋሚ ማስኬድ። የሚፈለገው ቁጥር ከ5 በመቶ በታች ከተለወጠ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን የሪአክሽን (ድጋፎቹ የሚመልሱት ኃይል) ድምር ከጠቅላላ ጭነቱ ጋር መተያየት አለበት። ይህች የሁለት ደቂቃ ሥራ ተዘልላ ክብደቱ ሁለቴ የተቆጠረ ሶሌታ ስንት ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

ወደ ቢማችን እንመለስ

ስንጥቁን እናስገባ። የተሰነጠቀው ክፍል የሚሠራው ከላይ ያለው የተጨመቀ ኮንክሪትና ከታች ያለው ፌሮ ብቻ ነው። ፌሮው ከላይኛው ገጽ በ45 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ፣ ጭነቱ ገና ሲያርፍ የተጨመቀው ጥልቀት 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አይ ከሙሉው ክፍል 39 በመቶ ያህል ይቀራል። በስንጥቆች መካከል ገና ያልተሰነጠቀው ኮንክሪት የሚያግዘውን አስበን እንኳ የመጀመሪያ ቀን ዲፍሌክሽኑ 10 ሚሊ ሜትር ነው። 4.2 ያልነው ቢም በፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ፣ ገና ምንም ሳያረጅ።

ቀጥሎ ክሪፕ። ጭነት እንደያዘ የሚኖር ኮንክሪት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተጨመቀ ይሄዳል፤ የክሪፕ መጠኑ እንደ እርጥበቱ፣ እንደ ክፍሉ ውፍረትና ጭነቱ በገባበት ዕድሜ ይለያያል፣ ለተራ ሕንፃ 2 ገደማ መውሰድ እብደት አይደለም። 31 ጊጋ ፓስካሉ ለ1 ሲደመር 2፣ ማለትም ለ3፣ ይካፈልና 10.3 ይሆናል። የተጨመቀው ጥልቀት ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ፌሮው ከኮንክሪቱ አንጻር ስለሚበረታ ዲፍሌክሽኑ ሦስት እጥፍ አይሆንም፤ 15 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በመጨረሻ ሽሪንኬጅ፦ ኮንክሪቱ ሲደርቅ 400 ማይክሮስትሬን ሊያጥር ይፈልጋል፣ ከታች ያለው ፌሮ ግን አይለቀውም፤ ከላይ አጥሮ ከታች ሳያጥር ቢሙ በራሱ ይጎብጣል፣ አንዲት ኪሎ ጭነት ሳይጨመርበት። ይህ ብቻውን ወደ 4.7 ሚሊ ሜትር ነው። ድምሩ 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ።

20 ከ24 በታች ስለሆነ አለፈ ማለት ይቻላል? ለዓይን አዎ። ግድግዳው ግን ሌላ ሚዛን አለው። ከተሠራ በኋላ ለሚመጣው ጭማሪ ኮዱ የስፓኑን አንድ አምስት መቶኛ፣ እዚህ 12 ሚሊ ሜትር፣ ያስቀምጣል። ግድግዳው የሚቆመው ቢሙ ግማሽ መንገድ ሄዶ ስለሆነ የቀረው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ ነው። ብሎኬቱ ተደርድሮ ሥሩ ሲሄድበት ነው ሰያፍ ስንጥቅ የምናየው። ስፓኑ 7 ሜትር ሆኖ ቁመቱ ቢቀር ደግሞ ሚዛኑ ወዲያው ይሰበራል፤ ዲፍሌክሽን በስፓን አራተኛ ደረጃ ስለሚያድግ 7 ከ6 በላይ ሆኖ የሚያመጣው ብቻውን 85 በመቶ ጭማሪ ነው።

ይህን ሁሉ ሶፍትዌሩ አይችልም ማለት አይደለም። ሴፍ የተባለው ፕሮግራም የተሰነጠቀና የረጅም ጊዜ ዲፍሌክሽን የሚያሰላ የጭነት አማራጭ አለው፤ ክሪፑንና ሽሪንኬጁን የሚጽፈው ግን ሰው ነው፣ ፌሮውም ገብቶለት መሆን አለበት። ይህን የማይጠቀም ዲዛይነር የግትርነት መቀነሻ ቁጥር ያስገባል። እዚህ ጋ የተለመደው ጥፋት ለመሬት መንቀጥቀጥ የገባውን 0.5 ለዲፍሌክሽንም መተው ነው። 0.5 የስንጥቁን ግምት እንጂ የክሪፑን አይይዝም፤ በእኛ ቢም 4.2ን ወደ 8.4 ያደርሰዋል፣ እውነቱ ግን 20 ነው። ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች መያዝ ይሻላል፣ አንዱ ለነውጥ፣ አንዱ ለአገልግሎት።

ስለ ኢ አንድ ነገር። ከድሮው የኢትዮጵያ ኮድ፣ ከኢቢሲኤስ 1995፣ ዘመን የለመድነው ሲ25 በኪዩብ ነበር፤ በአሁኑ አጠራር ሲ20/25 መሆኑ ነው። ሳይቱ ላይ በአሮጌው ቋንቋ የታዘዘ ሲ25 ሶፍትዌር ውስጥ 25 የሲሊንደር ሆኖ ሲገባ ጥንካሬው ላይ 20 በመቶ ተበልቷል። ኢ ላይ ያለው ልዩነት ከ31 ወደ 30 ብቻ ስለሆነ ለዲፍሌክሽን ብዙ አያስጨንቅም፤ መሰንጠቂያው ሞመንት ግን ይቀንሳል። ጠጠሩ ባዛልት ከሆነ ኮዱ ኢን በ20 በመቶ ከፍ ማድረግ ይፈቅዳል፤ ባሕር ዳር ዙሪያ ባዛልቱ አይታጣም፣ ነገር ግን ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀለል ያለ ድንጋይ አብሮ ስለሚፈጭ ያለ ሙከራ ይህን 20 በመቶ መውሰድ አይመከርም።

ከቢሙ ውጭ የሚመጣው

ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ዲፍሌክሽን ከቢሙ ብቻ አይደለም፤ የኮለኑ ማጠርም አለበት። 30 ሜትር ከፍታ ላይ ኮለኖቹ በአማካይ 8 ሜጋ ፓስካል ቢሸከሙ በኢላስቲክ ብቻ 7.7 ሚሊ ሜትር ያጥራሉ። ቢሙ መሃሉ ላይ 15 ቢል ከዚያ ላይ የሁለቱን ጫፎቹን አማካይ መቀነስ ግድ ነው። ከዚያም ሶፍትዌሩ ሙሉ ሕንፃውን በአንድ ጊዜ ቆሞ ሙሉ ጭነት እንደወረደበት ያስባል። ሕንፃ ግን ፎቅ በፎቅ ነው የሚወጣው፤ አሥረኛው ፎቅ ሲሞላ የታችኞቹ ማጠር አስቀድሞ ተከናውኖ ፎርምወርኩ ተስተካክሏል። ከአምስትና ስድስት ፎቅ በላይ ከሆነ የደረጃ በደረጃ ግንባታ ስሌት ማብራት ይገባል፤ አለበለዚያ ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ የማይኖር ሞመንት ይታያል።

አፈሩን በተመለከተ፣ ኮለኑን መሬት ላይ ቸንክሮ ማለፍ ቋጥኝ ላይ ያስኬዳል። ባሕር ዳር ላይ ግን ጥቁር አፈር የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሐይቁ ዝናቡ ካለቀ በኋላ መስከረም ላይ ሞልቶ እስከ ሰኔ ስለሚጎድል ዳር ላይ ያለው የመሬት ውስጥ ውኃም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። መሠረትን በስፕሪንግ ማሳየት የተለመደ ነው፦ የተፈቀደው የአፈር አቅም 150 ኪሎ ፓስካል፣ ሴፍቲ ፋክተሩ 3 ከሆነ፣ 40 ጊዜ 3 ጊዜ 150፣ ማለትም 18,000 ኪሎ ኒውተን በሜትር ኪዩብ ይገባል። ይህ ሻካራ ግምት ስለሆነ በግማሽና በእጥፍ ማስኬድ ተገቢ ነው። ስፕሪንግ ግን መውረድን እንጂ ማበጥን አያውቅም። የሚያብጥ አፈር ሞዴል ላይ የሚገባው ከታች የሚገፋ እንቅስቃሴ ሆኖ ነው፤ ከዚህ ይልቅ ጥቁሩን አውጥቶ በተመረጠ ሙሌት መተካት ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ሙቀትም ጭነት ነው። ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ 10 ማይክሮስትሬን ያህል ይለጠጣል። በ2016 ግንቦት ላይ የተመረቀው የባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ኮንክሪት በ20 ዲግሪ ለውጥ በነጻ ቢተው 76 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ድልድይ መገጣጠሚያ የሚኖረው ለዚህ ነው። የጣሪያ ሶሌታ ግን ብዙውን ጊዜ መሄጃ የለውም። በ15 ዲግሪ የቀንና የሌሊት ልዩነት የሚፈልገው 150 ማይክሮስትሬን ሙሉ ለሙሉ ከታፈነ፣ ሲቀዘቅዝ ከ84ቱ የመሰንጠቂያ ገደብ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በስበት ጭነት ብቻ በተሠራ ሞዴል አይታይም።

ሳይት ላይ ሁለት ነገር ስሌቱን ያበላሸዋል። አንደኛው የባሕር ዛፍ ድጋፉን በቶሎ ማንሣት ነው፤ በ7 ቀኑ ኮንክሪት የመጨረሻ የመጎተት አቅሙን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚይዝ በ28 ቀን የማይሰነጠቅ ሶሌታ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ደግሞ ጭነቱ ቢነሣም ወደ ቀድሞ ግትርነቱ አይመለስም። በተለይ ላይኛው ፎቅ ሲሞላ ክብደቱ በድጋፎቹ በኩል ታች ባለው ወጣት ሶሌታ ላይ ሲያርፍ። ሁለተኛው የላይ ፌሮው በሠራተኛ እግር ተረግጦ መውረዱ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር በረንዳ ላይ ፌሮው ከታችኛው ገጽ ሲለካ ከ12 ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ከወረደ የተሰነጠቀው ግትርነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ሞዴሉ ላይ ግን 12 ሆኖ ይኖራል።

ፎርምወርኩን መሃሉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ መሙላት፣ ካምበር የሚባለው፣ ለዓይን የሚታየውን መውረድ ይቀንሳል፤ በእኛ ቢም የመጀመሪያ ቀኑን 10 ሚሊ ሜትር ያጣፋዋል። ግድግዳው ከቆመ በኋላ የሚመጣውን ሌላ 10 ግን አንዲት ሚሊ ሜትር አያስቀረውም። ለእሱ ቢሙ ይወፍራል፣ ወይም ከላይኛው ረድፍ ብሎኬትና ከቢሙ ሥር መካከል የሚጨመቅ ነገር የተሞላ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል።